ጭቃ የተቀባ ካሮት

ሴትየዋ በገበሬዎች ገበያ ተራዋ ደርሶ ዘንቢሏን ስትዘረጋ፣ ገበሬው ከጠረጴዛው ጀርባ ጎንበስ ብሎ የሚሠራውን አየችና ክው አለች። ታጥቦ የጠራውን ካሮት እያነሳ ባልዲ ውስጥ በተበጠበጠ ጭቃ ይነክራል፤ ከዚያ አራገፍ ያደርግና "ከማሳችን" የሚል ካርቶን ከተሰካበት ክምር ላይ ይደረድረዋል። ከአጠገቡ ካለ ዛፍ የረገፈ ቢጫ ቅጠል እርጥቡ ካሮት ላይ ሲለጠፍ እንኳ አላነሳውም፤ እንዲያውም ደስ ያለው መሰለ።

ደሟ ፈላ። "አንተ ዓይንህን በጨው የታጠብክ! ጭቃ እየቀባህ ነው እንዴ የምትሸጥልን?" አለችው፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። "እኛ እኮ ሱፐርማርኬቱን ትተን እዚህ ብርድ ላይ የምንገተረው እውነተኛ ነገር ፍለጋ ነው! ትንሽ እንኳ ፈጣሪን አትፈራም?" ከኋላዋ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ "ጉድ እኮ ነው!" እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ገበሬው ቀና አለ። እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። "እትዬ፣ ካሮቱ ከገዛ ማሳዬ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እኔና ባለቤቴ፣ ለእናንተ ሥራ እናቅልል ብለን አንድ በአንድ አጥበን አመጣነው። እርስዎ አንዱን አነሱና 'ይሄማ የመጋዘን ነው፣ ምኑን የገበሬ ሆነ!' ብለው ወረወሩት። ሰልፉም እርስዎን ተከትሎ ተበተነ። ይሄ ያው እሱ ነው።"

ሴትየዋ ዓይኗ ገበሬው ላይ እንዳፈጠጠ ቀረ፤ እጇ ግን ሳታዝዘው ክምሩን አገላብጦ፣ ጭቃ የበዛበትን እስር መርጦ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተ።