ሕፃኑን ከቢሮ ያስወጣው ሰው

በቪሳያስ ደሴቶች በአንዲት የወደብ ከተማ፣ ልደትና ጋብቻ በሚመዘገብበት የማዘጋጃ ቤት ክፍል ባንኮኒ ላይ ሳንቶ ኒንዮ ቆሞ ነበር፤ ቀይ ካባ የለበሰ፣ ዘውድ የደፋ የሕፃኑ ኢየሱስ ምስል። ካባውን የሚያጥቡለት፣ ጠዋት ጠዋት አበባ የሚያስቀምጡለት፣ ሁሉም «ማናንግ» እያለ የሚያከብራቸው አንጋፋዋ ሠራተኛ ሶኮሮ ነበሩ።

አንድ ሰኞ የክፍሉ ኃላፊ ዴሜትሪዮ ሠራተኞቹን ሰበሰበ።

«ለበላይ መሥሪያ ቤት ሰው ደውሎ ከሶናል» አለ። «የመንግሥት ቢሮ የሁሉም ነው፤ የአንድ ሃይማኖት ምስል አይቆምበትም ተብሏል። እስከ ዓርብ ይነሳ።»

«ማነው የደወለው?» አለች ጸሐፊዋ ሉኒንግኒንግ።

«ስሙን አልተናገረም።»

ሉኒንግኒንግ ስም አላስፈለጋትም። ዓይኗ ኢዮአብ ላይ አረፈ። ኢዮአብ በቅርቡ የተቀጠረ ነው፤ ጴንጤ ነው፤ በምስሉ ፊት ሲያልፍ አያማትብም።

ያን ቀን የዴሜትሪዮ ልደት ነበር። ሉኒንግኒንግ በመስኮት ብቅ ብላ ፀሐይ ላይ ለተሰለፉት ባለጉዳዮች «ሲስተም የለም፤ ነገ ኑ» አለችና መጋረጃውን ዘጋች። ከሌላ ደሴት በጀልባ የመጡት ሳይቀሩ ተመለሱ። ውስጥ አንድ ትሪ ሙሉ ፓንሲት የሚባለው የልደት ፓስታ ቀርቦ ነበር። ሲታደል ኢዮአብ ተዘለለ።

«አንተ የኛን አትበላም፤ ሕፃኑ የባረከው ነው» አለችው ሉኒንግኒንግ።

«እኔ አልደወልኩም።»

«ደወልክ ያለህ አለ እንዴ?»

ማናንግ ሶኮሮ ከሳህናቸው ግማሹን ገልብጠው ሰጡት። «ተዉት ልጁን፤ እሱ አይደለም።»

«በምን አወቁ ማናንግ?»

«ፊቱ ያስታውቃል።»

«እርስዎማ ይሁዳንም አዝነው ያበሉት ነበር።»

በማግሥቱ የኢዮአብ ማራገቢያ ጠፋ። ቀጥሎ ጠረጴዛው ሽንት ቤቱ በር ላይ ተገኘ። ሐሙስ ዝውውር ሊጠይቅ ወደ ኃላፊው ሲያመራ ማናንግ ሶኮሮ ክንዱን ያዙት።

«ነገ ያልፍልሃል። ለኔ ስትል ታገሥ፣ ልጄ» አሉት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ዓርብ ምስሉ ተነሳ። ማናንግ ሶኮሮ ቤታቸው ሊወስዱት በንጹሕ ፎጣ ጠቀለሉት። ሉኒንግኒንግ ተንሰቀሰቀች፤ ዴሜትሪዮም አንገቱን ደፋ። ሁሉም ሐዘን ላይ ስለሆኑ ያን ቀንም ሲስተም አልነበረም።

«ይሄን ያደረገውን፣ ሕፃኑ ምላሱን ይቁረጠው» አለች ሉኒንግኒንግ፣ ኢዮአብን አፍጥጣ እያየች።

ማናንግ ሶኮሮ ደንገጥ ብለው አማተቡ። ኢዮአብ ምስሉን ተሸክሞ እስከ ባጃጁ ሸኛቸው።

ማናንግ ሶኮሮ ቤታቸው ገብተው ሕፃኑን ቁም ሳጥኑ ላይ አቆሙት፤ ዘውዱን አቀኑለት፤ ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የደወልኩት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ፤ እዚያ የምንሠራውን ሁሉ ቆመህ ስታይ ከምትውል ብዬ ነው» አሉት።