ስሱ ጫማ

ታምሬ መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ የግራ ጫማውን ያወልቃል። ጣቱን ወደ እግሩ ይሰዳል፤ ሊነካው ሲል ግን መልሶ ይሰበስበዋል። ፈርቷል። በዚህ በሱዳኑ የቁረይሻ መንገድ ሽፍታ ቢያስቆመው እንኳ እንዲህ አይፈራም፤ ሽፍታ ያለህን ወስዶ ይለቅሃል።

ባቱን ካመመው ሰንብቷል፣ እሱስ ለምዶታል። የዛሬው ሌላ ነው። ከጫማው ማሰሪያ ግርጌ፣ አንዲት ቦታ ላይ፣ አጥንቱን በጥፍር የሚቧጥጡት ያህል ያመዋል። እየሮጠ ሳለ «ይተወኛል» ብሎ ነበር። አልተወውም።

ጫማውን ያገኘው ገዳሪፍ ገበያ፣ ከልባሽ ክምር ውስጥ ነው። ሶሉ ስስ፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ ሲጠቀልሉት እንደ ቂጣ የሚጠቀለል። ሻጩ «የዛሬ ሯጮች ወፍራሙን ትተውታል» ሲለው ልቡ ተነሳ። ታምሬ የሚያጭድበት የሰሊጥ እርሻ ትራክተር ነጂ ከማሉ ግን፣ በዘመኑ እሱም ሯጭ ነበርና፣ ጫማውን አገላብጦ አየና «ሹወያ ሹወያ» አለው። «ቀስ በል። መጀመሪያ ሂድበት። ከዚያ ጥቂት ሩጥና በአሮጌው ቀይር። ባትህን ሲያምህ እረፍ። አጥንትህን ካመመህ ግን፣ ኸላስ፣ አቁም።»

ታምሬ በሆዱ ሳቀ። በኮንጎ ጫማ ያደገ የመተማ ልጅ ስስ ጫማ ልመድ ይባላል? ክረምቱንና አጨዳውን በሙሉ ያንን ወፍራም የጎማ ቦት ተጫምቶ መክረሙን ረስቶታል። እግሩ ግን አልረሳም። በማግስቱ ሙሉውን መንገድ ሮጠበት፤ ከዚያም ወዲህ አላረፈም። ጎንደር ላይ የክለብ ማጣሪያ ደርሷል፣ ቀስ ማለት ከየት ይመጣል? ካለፈ ማጭድ የሚባል ነገር አይጨብጥም። ካላለፈ ተመልሶ እዚሁ አጎንብሶ ማጨድ ነው።

ነዶው ተደጋግፎ ቆሞ ከሚደርቅባቸው የሰሊጥ ሂላዎች ጀርባ ትራክተር ብቅ ይላል። ከማሉ አጠገቡ ሲደርስ ሞተሩን ያጠፋል።

«ምን ሁነህ ነው?»

«ባቴ ነው ጋሼ። ትንሽ ይዞኝ ነው።»

«ባትህን ካመመህ ጫማህን ለምን አወለቅህ?»

ከማሉ ወርዶ ይንበረከክና እግሩን ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። ከአውራ ጣቱ ጀምሮ አጥንቶቹን ተራ በተራ እየተጫነ ይመጣል።

አጫጆች ዘንድ አንድ ጨዋታ አለ፤ እሾህ ሲነቀልለት ፊቱን የቋጠረ ሰው ማታ የቡድኑን ውሃ ይቀዳል። ታምሬ ዘንድሮ አንድም ቀን ውሃ አልቀዳም።

የከማሉ ጣት ይጠጋል። ጣቱ እዚያች ቦታ ላይ ሲያርፍ ዓይኑ ይጨልምበታል፤ ፊቱ ግን አይነቃነቅም። ሂላዎቹን ያያል። እንዲያውም ፈገግ ይላል።

«እዚህስ?»

«ምንም።»

«ማርያምን በል።»

«ማርያምን» ይላል ታምሬ።

የከማሉ ፊት ይፈታል። «አልሐምዱሊላህ። እኔማ እንደኔ ሆነ ብዬ ደንግጬ ነበር። እንግዲያው የባት ነገር ነው። ዛሬን እረፍና ነገ ትሮጣለህ።»

ታምሬን ደስ ሊለው በተገባ ነበር። ፍርሃቱ ግን ይብስበታል። እስካሁን የሚያቆመው ሰው ነበረ፤ አሁን የለም። ማርያምንም በውሸት ጠርቷል።

ከማሉ ወደ ትራክተሩ ይመለሳል። እሱም በወጣትነቱ ያመመውን አጥንት ደብቆ ሮጠበትና ሰበረው፤ ጠምሞ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ የቀኝ ውስጥ እግሩ አይታጠፍለትም፣ እንደ ሳንቃ ነው መሬቱን የሚመታው። በደረቁ የዋልካ አፈር ላይ ድምፁ ይሰማል። ታምሬ ይህን አረማመድ ሁልጊዜ ያየዋል፤ እንደ ዛሬ አይቶት ግን አያውቅም።

«ጋሼ።»

ከማሉ አንድ እግሩን መርገጫው ላይ እንደሰቀለ ይዞራል።

«ተመለስ እስቲ። እንደገና ተጫነው።»

ከማሉ መጥቶ ይንበረከካል። ታምሬ የሰውየውን አውራ ጣት ይይዝና እዚያች ቦታ ላይ ራሱ ያሳርፈዋል። በዚህ ጊዜ ፊቱን አይቆጣጠረውም።

«ማታ ውሃውን እኔ እቀዳለሁ» ይላል እንባው እየወረደ።

«በዚህ እግር?» ይላል ከማሉ። ስሱን ጫማ አንገቱ ላይ ያንጠለጥልና ሊያዝለው ጀርባውን ሰጥቶ ቁጢጥ ይልለታል።