የካውያው ጥያቄ

ሽማግሌዎቹ ልጄን ትርሲትን ለአንድ ኤሌክትሪሺያን ሊጠይቁ ሲመጡ፣ ወዲያው እሱ የመብራት ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ልጄ ደግሞ ጥቁር ለብሳ ታየችኝ። አባቷ በሕይወት ስለሌለ መልሱ የእኔ ነበር።

«ሥራውን ማወቁን በምን አምናለሁ?» አልኳቸው።

«ኧረ እህቴ፣ ሰፈሩን በሙሉ ያበራው እሱ ነው!» አሉ ጋሽ ደምረው።

«እስኪያቃጥለው ነዋ!»

ከአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ያልረሳሁትን ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው። 220 ቮልት ላይ ተሰክቶ 5 አምፔር የሚስብ ካውያ ሬዚስታንሱና ፓወሩ ስንት ነው?

«ልጁ ራሱ ይሥራውና በሳምንቱ ይዛችሁ ኑ።»

ጋሽ ደምረው ወረቀቱን እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ በሁለት ጣታቸው ይዘው ወጡ።

በሳምንቱ ተመለሱና እንደ ደንቡ ሳይቀመጡ ቆመው ጠበቁኝ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። ቮልቴጁ ለአምፔሩ ሲካፈል 44 ኦም፣ ሁለቱ ሲባዙ 1100 ዋት። ልክ ነው። ስህተት ባገኝ ብዬ ደግሜ አየሁት። የ44ቱ አራቶች አናታቸው የገጠመ፣ ጅራታቸው ወደ ግራ የተቆለመመ ነበሩ፤ ሦስተኛ ክፍል ሳለች ብቆጣም ብለምንም ያላስተውኳት የትርሲት አራቶች።

ቀና ስል ትርሲት በሩ ላይ ቆማ ጣሪያውን ታያለች።

«እህቴ፣ ልጁ አለፈ ወይ?» አሉኝ ጋሽ ደምረው።

«ተቀመጡ» አልኳቸው። «ግን ገመድ ከመንካቱ በፊት ሚስቱን ይጠይቅ።»