ጥግ ላይ የሚያንሾካሹከው ባለ ባጃጅ

«ይሄ ልጅ የጤና አይደለም…»

ሀሊሜ የሱቋን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ አየችው።

ባለ ባጃጁ ወገኔ ዛሬም ጥጉ ላይ ቆሟል።

የሚመጣውን ባጃጅ ሁሉ ያስቆምና በሹፌሩ ጆሮ የሆነ ነገር ያንሾካሹካል…

ሹፌሩም ወደ ሱቋ ገልመጥ አድርጎ ይመለሳል።

ዳንግላ ላይ ባጃጅ በስልክ መጥራት ከተጀመረ ወዲህ ሹፌሮቹ ጥሪ የሚጠብቁት እሷ ደጅ ላይ ነበር። ሞተርም አያጠፉም። ጭሱ ጓዳ ድረስ ይገባ ነበር።

የሰባት ዓመት ልጇ ሩዋይዳ ደግሞ አስም አለባት።

ካለፈው ወር ወዲህ ግን ተሽሏታል፣ አልሐምዱሊላህ። ሀሊሜ «ከባሕር ዳር ያስመጣሁት መድኃኒት ነው» ትላለች።

የወገኔ ነገር ግን አልዋጥልሽ አላት።

ምን ቢያወሩ ነው ሁሉም ወደ ሱቄ የሚያየው? ቤቴን እያስጠና ነው እንጂ…

ሰላም ሲላት አትመልስም። አንድ ቀን ሊያናግራት ሲመጣ በሩን ዘጋችበት።

በመጨረሻ ባጃጆቹን የሚያሰማራው ቢሮ ሄዳ «ሌባ ነው» አለች።

ቢሮውም ሳያጣራ ከሥራ አገደው።

ሀሊሜ እፎይ አለች…

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስምንት ባጃጅ ደጇ ላይ ተደርድሮ ይጨስ ጀመር።

ሩዋይዳ ትንፋሽ አጠራት። ከንፈሯ ጠቆረ።

ሀሊሜ ልጇን ታቅፋ ፊት ለፊት ያገኘችው ባጃጅ ውስጥ ገባች። «ሐኪም ቤት አድርሰኝ፣ በአላህ…»

ሹፌሩ ብሥራት እየነዳ አንገቱን ነቀነቀ።

«ወገኔ ቢኖር ይሄ አይመጣም ነበር።»

«እሱ ደግሞ ምን አገባው?»

«አላወቁም እንዴ? ‹እዚያ ቤት ትንፋሽ የሚያጥራት ልጅ አለች፤ መናኸሪያው ጋ ሄዳችሁ ጠብቁ› እያለ የሚመልሰን እኮ እሱ ነበር። ልጅቷ ሰምታ እንዳትሳቀቅ ብሎ በጆሯችን ነበር የሚነግረን። እሱ ሲታገድ እኛም ዘንግተን ተመለስን።»



ሩዋይዳ ኦክስጅን ተሰጥቷት ተረፈች። እናትየው በማግስቱ ወገኔን ቤቱ ድረስ ሄዳ አገኘችው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርዎት መጥቼ ነበር እትዬ… በሩን ዘጉብኝ።»

ወዳጆቼ… «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ይባላል። ልክ ነው፣ እኔም እጠረጥራለሁ። ጠርጥሮ መጠየቅ ደግ ነው፤ ጠርጥሮ መፍረድ ግን የሰው እንጀራ ይዘጋል።

ሀሊሜ ይቅርታ ጠይቃዋለች። ወገኔ ግን እስካሁን እንደታገደ ነው፤ ቢሮው «ሌባ ያልሽው አንቺ ነሽ፣ መጥተሽ በሰው ፊት ተሳስቻለሁ በይ» ብሏታል። እሷም አፍራ ቤቷ ተቀምጣለች…

እናንተ ብትሆኑ ትሄዱ ነበር? ሳትዋሹ ጻፉልኝ።