አራሷን በዝናብ ያስወጣችው ልጅ

“ኢንጂነር ሶሲ... እስቲ አንቺ ንገሪኝ። ይሄ ግድግዳ ቢነሳ ቤቱ ይችለዋል?”

ጠያቂዋ ወይዘሮ ፀሐይቱ ናቸው... ጌጃ ሰፈር ውስጥ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ያለው የአሮጌው ፎቅ ቤት ባለቤት።

ፎቁ ላይ ልጃቸው ወለተሰንበት ወንድ ልጅ ወልዳ ተኝታለች።

ክርስትናው ደርሷል... የእንግዳ መቀመጫ ግን የለም። ስለዚህ ሱቁንና መጋዘኑን የሚለየው ግድግዳ እንዲፈርስ ፈልገዋል።

ሶሲ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ገና መጨረሷ ነው።

ምህንድስና ለመማር ቆርጣለች። የዩኒቨርሲቲ ጥሪ እስኪመጣ የአንደኛ ዓመቱን ሒሳብና ፊዚክስ ቀድማ እያነበበች ነው... የግቢውን በር ግን ገና አልረገጠችም።

ሰፈሩ ያን ያህል አልታገሠም። ውጤቷ ከተሰማ ጀምሮ ከሱቅ እስከ ታክሲ ተራ “ኢንጂነር” ሆናለች።

አባቷ አቶ ሀብተሥላሴ አጠገቧ ቆመዋል... ፊታቸው ፈክቷል።

“ንገሪያቸው እንጂ ልጄ!”

ሶሲ ግድግዳውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ባዶ ድምፅ ሰጣት። ከዚያ ያለፈ የምታውቀው ነገር አልነበረም።

“ምንም አይልም እትዬ። መከለያ ብቻ ነው።”

ግንበኛው ቶኩማ በዚያው ቀን አፈረሰው።

ከዚያ ዝናቡ ባሰበት... መስከረም ገብቶም ክረምቱ አልወጣ አለ።

ሶሲ አራሷን ልትጠይቅ ፎቅ ስትወጣ፣ ከአልጋው ራስጌ እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ አየች።

በሌላ ቀን ስትመለስ... ስንጥቁ እርሳስ ያስገባል።

በሩም አልገጥም ብሏል።

“እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ነው” አሉ ወይዘሮ ፀሐይቱ። “ደግሞስ አንቺው ምንም አይልም ብለሽ የለ?”

ቤቷ ገብታ መጽሐፏን ገለጠች። መጽሐፉ ውስጥ ተዳፋት ላይ የሚንሸራተት ሳጥን አለ። አራስ የተኛችበት ቤት የለም።

“አባዬ... ስለዚያ ግድግዳ ምንም አላውቅም ነበር። ዝም ብዬ ነው የተናገርኩት።”

“እና?”

“ሄጄ ልንገራቸው።”

“ለክርስትናው ጥሪ ከተበተነ በኋላ? ሰፈሩ ሁሉ ኢንጂነር እያለሽ?” አቶ ሀብተሥላሴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ተይ ሶሲ። ሰው ፊት አታሳፍሪኝ። ያ ቤት እኔ ሳልወለድ የቆመ ነው።”

ያን ቀን ሳትሄድ ቀረች።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ስትገባ፣ ከላይ የሆነ ነገር “ጧ” አለ።

ማንም ቀና አላለም።

“እትዬ ፀሐይቱ... ያኔ የነገርኩዎት በግምት ነው። አላውቅም። የሚያውቅ ሰው እስኪያየው ወለተሰንበትን ከዚህ ቤት ያውጧት።”

“አራስ? ልጇ ክርስትና ሳይነሳ? በዚህ ዝናብ?” ወይዘሮዋ ደም ሥራቸው ተገተረ። “የምትናገሪውን ታውቂዋለሽ?”

“አላውቅም አልኩ እኮ! ስለማላውቅ ነው ትውጣ የምለው!”

ሳሙና ሊገዛ የቆመው ጎረቤታቸው በሱፍቃድ ሳቁን ለቀቀው።

“ኢንጂነሯ ግቢ ሳትገባ የማቋረጫ ፎርም ሞላች በሉኛ!”

ሱቁ በሳቅ ተሞላ... ሶሲ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

ወለተሰንበት ሕፃኑን ታቅፋ ደረጃውን ወረደች።

“እማዬ፣ ዛሬ በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ነው የከፈትኩት። እኔ እወጣለሁ።”

ጋቢ ደርባባት፣ ሶሲ ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻት። አቶ ሀብተሥላሴ አልጋቸውን ለአራሷ ለቀቁ... ልጃቸውን ግን አላናገሯትም።

ወይዘሮ ፀሐይቱ ተቆጥተው የወንድማቸውን ልጅ ፍሬሰላምን ጠሩ። ፍሬሰላም ዓመታት የሠራች የሕንጻ መሐንዲስ ናት።

“ነይና ይቺ ልጅ ያጠፋችውን እዪልኝ።”

ፍሬሰላም የፈረሰውን ቦታ አየች። ጣሪያውን የያዙትን አግዳሚዎች አንድ በአንድ ተከታተለች።

“ይሄ ግድግዳ የተሸከመው ነገር አልነበረም። መፍረሱ ቤቱን አልጎዳውም። ልጅቷ ትክክል ነበረች።”

“አላልኳችሁም ነበር!” አሉ ምርመራውን ሊያዩ የመጡት አቶ ሀብተሥላሴ።

“በሉ ወለተሰንበትን ጥሯት... ትመለስ” አሉ ወይዘሮ ፀሐይቱ።

“ቆዩ አክስቴ... ስንጥቁስ ከየት መጣ?”

ፍሬሰላም ወደ ጓሮ ዞረች።

ከአጥሩ ወዲያ ለአዲስ ሕንጻ መሠረት የተቆፈረው ጉድጓድ ውሃ ሞልቶታል። ውሃው አፈሩን እየበላ ከቤቱ ሥር ገብቷል። የኋለኛው ግድግዳ እኩሌታው ምንም ላይ አልቆመም።

የፍሬሰላም ድምፅ ተለወጠ።

“ማንም እንዳይገባ። ዕቃ እንኳ አታውጡ።”

በማግስቱ ከምሳ በፊት የኋላው ግድግዳ ተደረመሰ... የአራሷን ክፍል ይዞ።

አልጋው ባዶ ነበር።

ልብ በሉ... ሶሲ ስለ ግድግዳው የሰጠችው መልስ ትክክል ነበር።

ያ ትክክለኛ መልስ ግን እናትና ልጅን እዚያው አልጋ ላይ ያቆያቸው ነበር። ያወጣቸው “አላውቅም” ማለቷ ነው።

ገና ላልተማረ ልጅ ማዕረግ ስንሰጥ ደስ ይለናል... ግን “አላውቅም” የሚለውን ቃል ከአፉ እየነጠቅነው ነው። ያለዚያ ቃል ደግሞ ሐኪምም መሐንዲስም ያስፈራል።

እናንተስ? ልጃችሁ ሰው ሁሉ ባደነቃት ማግስት “ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፣ ሄጄ ልናገር” ብትላችሁ... ትልኳታላችሁ ወይስ “ተይ” ትሏታላችሁ?

ራሳችሁን ሳታሳምሩ ኮሜንት ላይ ጻፉልን።