የጋሽ አምባቸው ካርድ

በመጀመሪያ ለእጅ ጽሑፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፊደል የሳትኩበትም ቦታ ይኖራል። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ነው ያቆምኩት። ደብተሩም ከዚያ ጊዜ የተረፈ፣ በጋዜጣ የለበድኩት ነው።

ጋሽ አሕመድኑር መካነ ሰላም ገበያ አጠገብ ፎቶ ቤት ነበራቸው። በ2003 ዓ.ም. ሲቀጥሩኝ እጅ ጽሑፌን አይተው ሳቁ።

"አብሽሪ ሀይማኖት" አሉኝ። "ኮምፒዩተር ላይ የማን እጅ እንደጻፈው አይታወቅም።"

ጉርድ ፎቶ እናነሳለን፣ ማመልከቻ እንጽፋለን፣ አልፎ አልፎ ቢዝነስ ካርድ እናዘጋጃለን። ካርዱ የሚታተመው ደሴ ስለሆነ ፋይሉን በፍላሽ ለሚኒባስ ሹፌር እንሰጣለን። ጋሽ አሕመድኑር ጽሑፉን ከዳር ሦስት ሚሊ ሜትር ማራቅ አስተማሩኝ፤ አለዚያ የደሴው መቁረጫ የሰው ስም ይቆርጣል። ደንበኛው ናሙናውን በወረቀት አይቶ ይፈርማል፤ ናሙናው ምስማር ላይ ይሰቀላል። ከዚያ ፊደሉ ሁሉ ወደ ሥዕል ይቀየራል። እኛ የምንጠቀምበት ፊደል ደሴ ኮምፒዩተር ላይ ከሌለ ጽሑፉ ይበላሻል። አንድ ጊዜ የአንድ ወፍጮ ቤት ባለቤት ስም ቅንፍና ኮከብ ሆኖ አምስት መቶ ካርድ ታትሞ መጥቷል።

"ሥዕል ከሆነ በኋላ ግን ደሴ ያለ ሰው አንዲት ነጥብ መንካት አይችልም" ይሉ ነበር።

ይህን የመጨረሻውን ሥራ ለእኔ ተዉልኝ። እሳቸው ለዙህር ሶላት ሲሄዱ እኔ እየቀየርኩ ፍላሹ ላይ እጭናለሁ።

ጋሽ አምባቸው ሴቶችን ወደ ጅዳ የሚልኩ ደላላ ነበሩ። በጥር ወር ካርድ ሊያዙ መጡ።

"ካርዱ ላይ ያለውን አውሮፕላን አተልቀው" አሉ ጋሽ አሕመድኑርን።

"ከዚህ በላይ ከተለቀ ስልክዎ የት ይገባል?"

"ክንፉ ላይ ጻፈዋ!"

ጋሽ አሕመድኑር እየሳቁ አስተካከሉት።

"ለዚህ አገር ሰው ካርድ ምን ያደርግለታል?" አሉ ጋሽ አምባቸው። "የፈለገኝ ቤቴ ይመጣል። ይሄ ለሚሄዱት ልጆች ነው፤ እዚያ ችግር ሲገጥማቸው እንዲደውሉልኝ።"

ጥቁር መነጽራቸውን አውልቀው ናሙናውን አዩና ፈረሙ።

ፈርሂያ ያን ዕለት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ከእሷ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም። ሰው ፊት ቀና ብዬ መናገር ስለማልችል "ዲዳዋ" ትለኛለች።

"ካርዱ እንደመጣ ደጎሎ ላለው ወንድሜ እልክለታለሁ" አለችኝ። "ስልክ የለውም፤ በሰው ስልክ ደውሎ ጋሽ አምባቸውን ያናግራቸዋል። ከተስማሙ ሄድኩ ማለት ነው።"

"ካልተስማሙስ?"

"ያኔማ ከአንቺ ከዲዳዋ ጋር ስገተር እኖራለኋ!"

እሷ ሳቀች። ጋሽ አሕመድኑር ለሶላት ሲወጡ እኔ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞርኩ።

ካርዱ በሳምንቱ መጣ። ወንድሟ አብዱራህማን ግን አልደወለም። ስንዴ በጫነ አይሱዙ ራሱ መጥቶ፣ ጋሽ አምባቸው ቤት ተቀምጦ ተስማማ። ፈርሂያ በመጋቢት ሄደች። ካርዱን ቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ሰፍታው ነበር። ስትሰፋ "አትሂጂ" አልኳት፤ እሺ አላለችኝም።

ከዚያ በኋላ ድምጿ ጠፋ። እናቷ ወደ ጋሽ አምባቸው ተመላለሱ።

"አንድም ልጅ አልደወለችልኝ" አሏቸው። "ካልደወሉ ደህና ናቸው ማለት ነው።"

ይህ ንግግር ከተማውን አናደደ። "ልጁን የሸጠ ሰው እንኳ እንዲህ አይልም" ተባለ።

ፈርሂያ በዓመቱ ተመለሰች። ግራ እጇ አይጨበጥም። የአሠሪዋን ስልክ አራት ጊዜ ደብቃ ወስዳ ካርዱ ላይ ወዳለው ቁጥር ደውላለች። አራት ጊዜም "ይህ ቁጥር አገልግሎት ላይ አይደለም" ተብላለች። በአራተኛው ሴትዮዋ ያዘቻትና በር ዘጋችባት፤ እጇ በሩ ላይ ነበር።

ሽማግሌዎች ጋሽ አምባቸውን ቀበሌ አዳራሽ አስጠሩ። ፈርሂያ ካርዱን አወጣች።

"ይሄ የእኔ ቁጥር አይደለም!" ብለው ጮኹ። "የእኔ መጨረሻው አርባ ሦስት ነው፤ ይሄ አርባ ስምንት ይላል!"

"ካርዱስ የማነው? የእኔ ነው እንዴ?" አሏቸው ሽማግሌው አቶ አራጌ። ሰው ሳቀ።

"ደሴ ነው የተበላሸው!"

ጋሽ አሕመድኑር ተነሱ። "ወላሂ ደሴ መንካት አይችልም። እኔም የሰጡኝን ነው የጻፍኩት።"

"እንግዲያው የፈረምኩበት ናሙና ይምጣ! ልኩ እዚያ ላይ አለ።"

ጋሽ አሕመድኑር ሄደው ናሙናዎቹን ከምስማሩ አውርደው ይዘው መጡ። ወረቀቱን አንድ በአንድ አገላበጡ። የሁሉም ደንበኛ ናሙና ነበር፤ የጋሽ አምባቸው አልነበረም።

"ማን ይወስደዋል? እሱ ነዋ!" አለ አንዱ ከኋላ። "ፎቶ ቤቱ ሲገባ ሲወጣ አልነበር የሚውለው?"

ጋሽ አምባቸው ሊምሉ እጃቸውን አነሱ። አቶ አራጌ "በሐሰት አትማል፤ ልጆች አሉህ" ብለው ከለከሏቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ጋሽ አምባቸው ሚስታቸውን እታገኘሁንና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ማሻ ሄዱ። መኪናው ሲነሳ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ይተፋ ነበር። ትንሿ ልጃቸው በመስኮት እጇን ስታውለበልብ የመለሰላት የለም።

ያን ዕለት ፈርሂያ ፎቶ ቤት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የማይጨበጠውን እጇን ጭኔ ላይ አኖረችው።

"አንቺ ዲዳ" አለችኝ። "በዚህ ከተማ አትሂጂ ያልሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺ ብቻ ነሽ ያልዋሸሽኝ።"

እንደ ልማዴ አቀርቅሬ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞርኩ።

ጋሽ አምባቸው የፈረሙበት ናሙና ከዚህ ደብተር የጋዜጣ ልባድ ስር ነው፤ መጨረሻው አርባ ሦስት ይላል።