በእንድርያስ ስም የተሸጠው ጫማ

ሚልካ ጳውሎስ አካባቢ ባላት የጫማ ሱቅ የወሩ ሽያጭ እንዴት እንደሄደ ለማየት ኮምፒውተሩ ላይ ሪፖርቱን ከፈተች። ከሻጮች ሁሉ አንደኛ የወጣው እንድርያስ ነው ይላል። እንድርያስ ባሏ ነበር፤ ከሞተ ዓመት አልፎታል።

ደሟ ፈላ። ከእሷ ሌላ ሱቁ ውስጥ የምትሸጠው ደሳለች ብቻ ናት።

«በሟች ስም ትቀልጃለሽ አንቺ?»

«ኧረ ጌታ ምስክሬ ነው እትዬ! የይለፍ ቃላቸውን እንኳ አላውቀውም።»

«ውሸታም! ቁልፌን አስቀምጪና ውጪልኝ!»

ደሳለች እያለቀሰች ቦርሳዋን አነሳች። ሚልካ በንዴት የባሏን ስም ከፕሮግራሙ አጠፋችው።

ይሄኔ፣ ሲጨቃጨቁ ሳያዩዋት የገባች አንዲት ነርስ ጫማ ይዛ ከኋለኛው መደርደሪያ ጀርባ ብቅ አለች።

«ይቅርታ፣ ሚሉዬ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

ሚሉዬ ብሎ የሚጠራት ባሏ ብቻ ነበር።

«ማን ነገረሽ?» ብላ ጮኸችባት።

ነርሷ ደነገጠች። «ይሄን የሸጡልኝ ሰውዬ ናቸዋ። ‹የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ ልጅቷን አታባሪያት በይልኝ› አሉኝ።»

ሚልካ በሩ ጋ ወደ ቆመችው ደሳለች ዞረች። ከመደርደሪያው ጀርባ የጫማ ካርቶን ሲደረደር ይሰማል።